20፣ 18፣ 17፦ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ሦስተኛው በር

ጤና ይስጥልኝ። በአደባባይ መጻፍ ልማዴ አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር። ሦስቱንም ማመልከቻ በገዛ እጄ አስገብቻለሁ። የት እንደገቡ የሚነግረኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለዚህ ይኼኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት። እርስዎ ዘንድ ቢጠፋ ሌላ ሰው ጋ ይገኛል።

እኔ ቆጣሪ ነኝ። ወደቡ ላይ ታሊ ይሉናል። ኮንቴይነር ሲከፈት በሩ ጋ ቆሜ የሚወጣውን ካርቶን፣ ጆንያ፣ በርሜል እቆጥራለሁ። አራት ሰረዝ ጎን ለጎን፣ አምስተኛው አራቱን አቋርጦ። ማታ የእኔ ወረቀትና ማኒፌስቱ፣ ማለትም የጭነቱ ዝርዝር፣ ካልተስማሙ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከ2004 ጀምሮ አሥራ ሦስት ዓመት የበላሁት የዚህን እንጀራ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም። ስለዚህ የተደረገብንንም ቆጠርኩት።

የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። እርስዎ ያውቁታል፤ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ለአንባቢ ይህን ያህል ይበቃል፦ ደረቅ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድና የሚጭን ድርጅት ነው። አገራችን ባሕር የላትም። ዕቃው ጅቡቲ ከመርከብ ይወርዳል፣ በከባድ መኪና ወይም በባቡር ተጭኖ ይመጣል፣ እኛ ጋ ይራገፋል። ከቻይና የመጣውን የሴራሚክ ካርቶን አገር ውስጥ መጀመሪያ የሚነካው የጫኝና አውራጅ እጅ ነው። የዚያ እጅ ባለቤት ነው እንግዲህ "በመዋቅር" የተሰናበተው።

ቁጥሩ እነሆ። 210 ሠራተኞች ነበርን። ጥር 12 ቀን 2017፣ የጥምቀት ማግስት፣ 20 ሰው ደብዳቤ ደረሰው። ሰዎቹ ገና ከታቦት ሽኝት ድካም አልወጡም። 190 ቀረን። ጥር 27 ደግሞ 18 ሰው ተጠራ። 172 ቀረን። የካቲት 13 ተራው የእኔ ሆነ፤ ከ17ቱ አንዱ ነኝ። አሁን እዚያ ግቢ ውስጥ የቀሩት 155 ናቸው።

እስቲ እስክሪብቶ ይያዙ። የ210 አሥር በመቶ 21 ነው። የሄዱት 20። የ190 አሥር በመቶ 19 ነው። የሄዱት 18። የ172 አሥር በመቶ 17 ከትንሽ ነው። የሄዱት 17።

ገባዎት አይደል? እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው የገባኝ። የራሴን ደብዳቤ ይዤ በር ላይ ቆሜ፣ ስንት እንደሆንን ስቆጥር። ይህን ያሰላ ሰው ጎበዝ ነው። አንዲት ሰው እንኳ አልሳተም። እኔ ጆንያ ስቆጥር እንዲህ ንጹሕ ሂሳብ የሠራሁበትን ቀን አላስታውስም።

አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 29ን ለእርስዎ ማስረዳት ለቄስ አቡነ ዘበሰማያትን ማስተማር ይሆንብኛል። አዋጁ ከጠረጴዛዎ ላይ አለ፤ አይቼዋለሁ፣ የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል። ለማያውቅ አንባቢ ብቻ ልናገር። ሕጉ "የሠራተኞች ቅነሳ" የሚለው ከሠራተኛው ቢያንስ አሥር በመቶው በተወሰነ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ሲቀነስ ነው። ቅነሳ ከሆነ አሠሪው ከሠራተኛ ማህበሩ ጋር መመካከር አለበት። ማን ቀድሞ ይሄዳል፣ ማን መጨረሻ ይነካል የሚለውም ቅደም ተከተል አለው። ከመደበኛው ስንብት ክፍያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ቅነሳ ካልሆነ ግን ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ 55 ሰው በአንድ ወር ገደማ ተባረረ፣ ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው፣ ግን ቅነሳ አልተደረገም! ደብዳቤያችን ላይ ቅነሳ የምትል ቃል የለችም። "መዋቅራዊ ማስተካከያ" ነው የሚለው።

ማህበር አልነበራችሁም ወይ እንዳይሉኝ። ነበረን። ሊቀመንበሩ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዎች አንዱ ነው። ሕጉ የሠራተኛ ተወካይን መጨረሻ ከሚነኩት ተርታ ነው ያስቀመጠው። እኛ ጋ ከፊት ተሰለፈ።

የስንብቱ ምክንያት "የሥራ መደቡ በመሰረዙ" ነው ይላል ወረቀቱ። እሺ፣ መደብ ይሰረዛል፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ጥር 19፣ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዎች ከሄዱ በሳምንቱ፣ እኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሚኒባስ በር ላይ ቆመ። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ወረዱ። የእኛ ብርቱካናማ ነው። ቀለሙ አሳስቶኝ እንጂ ፊታቸውን ሳይ 11ዱ የራሳችን ልጆች ናቸው። ባለፈው ሳምንት የተሰናበቱት። ኤጀንሲ ቀጥሯቸው በቀን ክፍያ መጡ። ያው ካቦ፣ ያው ኮንቴይነር፣ ያው ጆንያ። አንዱ አይቶኝ እንዳላየ ሆነ። አፍሮ ነው። ማፈር የነበረበት እሱ አልነበረም።

እንግዲህ መደቡ አልተሰረዘም። የተሰረዘው ሰውየው ነው። ደግሞስ መደቡ ከተሰረዘ የምዘና ነጥብ ለምን አስፈለገ? ለተሰረዘ ወንበር ማን ይበልጣል ብሎ ፈተና የሚያወጣ አለ? እኛን ግን በነጥብ ነው የለዩን። እዚህ ላይ ነው ስለ ጋሼ ልነግርዎት የምፈልገው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው። የእኔስ ግድ የለም፣ ጉልበት አለኝ።

ስሙን አልጽፍም፤ ማመልከቻው ላይ አለ። እኛ ጋሼ ነው የምንለው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል። ከእኔም ቀድሞ ነው የተቀጠረው።

2014፣ ኅዳር ላይ ነው። ሴራሚክ የጫነ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር መጣ። ሴራሚክ ከባድ ስለሆነ በትልቁ አይጭኑትም። ከጅቡቲ ድረስ መንገድ ላይ ሲናጥ የመጣ ጭነት ውስጡ ይንሸራተታል፤ በሩ ላይ ይደገፋል። ይህን እያንዳንዱ አውራጅ ያውቃል። ለዚህ ነው በሩ ሲከፈት ፎርክሊፍት ቀርቦ ደግፎ መያዝ ያለበት። ያን ቀን ፎርክሊፍቱ ለሌላ ደንበኛ ተጠርቶ ሄደ። ፎርማኑ "አታስቁሙኝ፣ ክፈቱ" አለ። መኪኖች ተሰልፈዋል፣ ሾፌር ይጮኻል።

የኮንቴይነር በር ቀኙ ነው ቀድሞ የሚከፈተው። ጋሼ በሩ የታሸገበትን ባለቁጥር ማሸጊያ ቆረጠ፣ ዘንጉን አዞረ። በሩ ራሱ ገፍቶ ወጣ። እኔ ሁለት ሜትር ላይ ወረቀቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ካርቶኖቹ ሲወድቁ ድምፁ የብርጭቆ አልነበረም፤ የድንጋይ ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ሥር ቀረ። ጮኸ እንዳልል አልጮኸም። "ቁጠር፣ የተሰበረውን ለይተህ ቁጠር" አለኝ። ባለንብረቱ የሰበረ እኛ ነን እንዳይል ፈርቶ ነው። እግሩ ሥሩ ሆኖ ስለ ካርቶን ያስባል። ቆጠርኩ። 31 ካርቶን። ወረቀቱ ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያሰመረው መስመር አሁንም አለ፤ ኮፒው እኔ ጋ ነው።

አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ተኛ። ብረት ገባለት። ሐኪም ቦርድ አይቶ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ጻፈ። ድርጅቱም፣ እዚህ ላይ አልዋሽም፣ አሳከመው፤ ሲመለስም በር ላይ ቀላል ሥራ ሰጠው። የሚገባና የሚወጣ ኮንቴይነር ማሸጊያ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መስማማቱን ማየት ነው ሥራው። ቆሞ መዋል ስለማይችል ከማሸጊያ ፎምና ከፓሌት እንጨት ወንበር ሠራ። መደገፊያ ሁሉ ያላት ቆንጆ ወንበር። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው እዚያች ላይ ተቀምጦ አንድ የተሳሳተ ቁጥር አላሳለፈም። እኔ ከእሱ ጋር ወረቀት የማመሳክር ሰው ነኝ፤ አውቃለሁ።

ከዚያ የምዘና ቅጽ መጣ። ከ2014 እስከ 2016 ያለውን ሦስት ዓመት የሚመዝን። ከ100 ነው። 40ው "በፈረቃ የተራገፈ ጭነት መጠን"። 20ው "በሥራ ገበታ ላይ መገኘት"። ቀሪው 40 ዲሲፕሊን፣ ትብብር፣ ምናምን።

ጋሼ በመጀመሪያው ከ40 አራት አገኘ። በር ላይ ተቀምጦ ማሸጊያ የሚያይ ሰው ስንት ኩንታል ያራግፋል? አራቷ ራሷ ከየት እንደመጣች አልገባኝም፤ ምናልባት ከመጎዳቱ በፊት የሠራት ትሆናለች። በመገኘት ከ20 አምስት ተሰጠው። አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀኑ እንደ መቅረት ተቆጠረ። የተኛበት አልጋ ድርጅቱ የከፈለበት አልጋ ነው! በቀረው ከ40 ሠላሳ ስድስት አመጣ። ድምር 45። ማለፊያው 60። ውጤት፦ "ምርታማነቱ ዝቅተኛ"።

የሰው ሀብት ኃላፊዋን ጠየቅናት። ክፉ ሰው አይደለችም። ወረቀቱን አየች፣ እኛን አየች፣ "ፎርሙ እኮ ለሁሉም እኩል ነው" አለችን።

ልክ ናት። ፎርሙ እኩል ነው። ድርጅቱ ፎርክሊፍቱን ወስዶ እግሩን ሰበረ፣ ከዚያ የተሰበረውን እግር ስንፍና ብሎ መዘነው፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው በቅነሳ ጊዜ መጨረሻ ከሚነኩት አንዱ መሆኑን ሕጉ በግልጽ ጽፏል። ለዚያ ነው እንግዲህ 21 ያልሆነው። ጋሼ ከመጀመሪያዎቹ 20 አንዱ ነው። 21 ቢሆን ቅነሳ ይባል ነበር፤ ጋሼም መጨረሻ ከሚነኩት አንዱ ይሆን ነበር። 20 ስለሆነ ተነካ። የአንድ ሰው ልዩነት ናት።

ኤጀንሲው ጋ ሄዶ ለመመዝገብ ሞከረ። "ሜዲካል አያልፍም" አሉት። አሁን ወንበሯ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል። መጀመሪያ ቀን መጥቶ "ብራዘር፣ የማሸጊያው ቁጥር የቱ ጋ ነው የሚነበበው?" አለኝ። አሳየሁት። ልጁ ምን አጠፋ።

"ዘርፉ ተለውጧል፣ ፉክክር ነው፣ ወጪ ነው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ድርጅቱም ይህንኑ ነው የነገረን፤ በስብሰባ፣ በፕሮጀክተር። እውነትም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሪች ስታከር፣ የኮንቴይነር ማንሻው ማሽን፣ ጎማ በዶላር ነው የሚገዛው። የእኛ አንዱ ሪች ስታከር ጎማው ፈንድቶ ሦስት ሳምንት ቆሟል። ያኔ ኮንቴይነር የሚያወርድልን አጥተን ጥላ ሥር ካርታ ስንጫወት ከረምን። ያ ሦስት ሳምንት "በፈረቃ የተራገፈ ጭነት" በሚለው ሥር የማን ነጥብ ሆኖ የተቀነሰ ይመስልዎታል? የጎማው አይደለም።

ለውጥ አንፈልግም ያለ ማንም የለም። ማሽን ሲመጣ ሰው እንደሚቀንስ ወደብ ላይ ያደገ ሰው ከማንም በፊት ያውቃል። ኮንቴይነር ራሱ የመጣው ሰው ለመቀነስ ነው። ስልኬ ላይ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገርዎት። እንደ ፈረንጆቹ በ1960 በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ አሠሪዎችና የወደብ ሠራተኞች ማህበር ተፈራረሙ። አሠሪዎቹ ማሽን እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው፤ በምትኩ 29 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኛው አስቀመጡ። ነባሩ ሰው አይባረርም ተባለ፣ ያረጀው ገንዘቡን ይዞ በጊዜ ጡረታ ወጣ። እዚያም ቢሆን አዲስ ገቢዎቹ ከስምምነቱ ውጭ ቀርተዋል፤ ገነት ነበር አልልም። ግን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው የተነጋገሩት። እኛን ያነጋገረን አንድ ጥበቃ ነው። "ስምህ ሊስቱ ላይ አለ፣ አትገባም" አለኝ። እሱም የኤጀንሲ ነው።

ትንሽ ከርዕስ ልውጣ። አባቴም የወደብ ሰው ነበር። አሰብ። እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት፤ ሌሊት ሙቀቱ ሲጠናብን አልጋ ወደ ደጅ አውጥተን ነበር የምንተኛው። አባቴ ጆንያ ይሸከም ነበር፣ በኋላ ቆጣሪ ሆነ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ የኢትዮጵያ ጭነት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከአሰብ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መርከብ የሌለበት ወደብ ላይ ቆጣሪ ምን ይሠራል? በአንድ ሻንጣ ወጣን። እኔ 12 ዓመቴ ነበር። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ማንንም አልወቀሰም፤ "ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ" ይል ነበር። ይኼ የእኔ ግን ምንድን ነው ልበል? ጦርነት አልመጣም። ጭነቱ አልቀነሰም፤ ባለፈው ሳምንት በአጥሩ አጠገብ ሳልፍ የመኪናው ሰልፍ ዋናው አስፋልት ድረስ ወጥቷል። ልጄ ሲጠይቀኝ "ፐርሰንቴጅ ነው" ልበለው?

አሁን ወደ እርስዎ ቢሮ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። ድርጅት ትርፉን ያያል፤ ከእሱ ብዙም አልጠበቅኩም። እናንተን ግን ጠብቀን ነበር።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ዘጠኝ ሰረዝ አለ። ዘጠኝ ጊዜ መጥተናል። አንደኛው ጥር 22 ነው። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።" ሁለተኛው ጥር 29። ባለሙያው ተቀበለን፣ ማመልከቻውን አነበበ፣ አዘነ፣ "ፍርድ ቤት አትሂዱ፣ ይጓተታል፣ እኛ በስምምነት እንጨርስላችኋለን" አለ። ጋሼ እጁን ይዞ መረቀው። ሦስተኛው፦ "ሲስተም የለም።" አራተኛው፦ "ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል።" አምስተኛው፦ "ፋይሉ ኃላፊው ጋ ገብቷል።" ስድስተኛው፦ "ኃላፊው ጋ አልገባም።" ሰባተኛው ላይ ባለሙያው ተቀይሯል። አዲሱ "ማመልከቻችሁ የገቢ ቁጥር ስንት ነው?" አለን።

የገቢ ቁጥር፣ ማመልከቻ ሲመዘገብ የሚሰጠው ቁጥር፣ የለውም። ያኔ ስናስገባ "ማህተሙ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ጋ ተቆልፎበታል፣ ተዉት፣ እኛ እንመዘግበዋለን" ነው የተባልነው። አመንን።

የቁጥሯን ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ሥራው ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለእናንተ ያመለከተ ሰው ጊዜው የጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጠው ይቋረጥለታል ይላል ሕጉ። ግን መምጣታችንን በምን እናስረዳ? በእኔ ደብተር ሰረዝ? የጋሼ ሦስት ወር የሞላው ሚያዝያ 12 ነው። ፋሲካ ዕለት። ከጥምቀት ማግስት እስከ ፋሲካ፣ "በስምምነት እንጨርሳለን" ሲባል። የድርጅቱ ጠበቃ አሁን ይርጋ እያለ ነው። ባለሙያዎ ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ ጋሼ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ እንዲያው በቀን ቁጥር። እኔና ጋሼ ባለሙያዎ ጋ የተቀመጥነው ጥር 29 ነው። እኔ ያኔ ፈቃድ ጠይቄ ነበር የወጣሁት። የማሰናበቻ ደብዳቤ የደረሰኝ በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። በምዘናው 81 ነበረኝ። ማለፊያው 60 ነው ብዬዎታለሁ። እኔ ቆጣሪ እንጂ ከሳሽ አይደለሁም፤ ምን እንደሆነ እርስዎ ይድመሩት።

ተቆጣጣሪ ልካችኋል፤ አልካድኩም። መጋቢት ላይ። የእናንተ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ የትኛውም የሥራ ቦታ መግባት ይችላል። የእኛው ግን ከሁለት ቀን በፊት ደወለ። ውስጥ የቀሩት ልጆች እንደነገሩኝ ያን ዕለት አረንጓዴ ሰደርያ ለባሾቹ ሁሉ "ዛሬ ረፍት ናችሁ" ተባሉ። ግቢው ጸጥ አለ። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ቢሮ ገባ፣ ማኪያቶ ጠጣ፣ ሄደ። የምዘና ቅጹን እንኳ ልየው አላለም። አንድ ገጽ ናት እኮ።

ዘጠነኛውን ልጨርስ። ባለፈው ሐሙስ ነው። ሊፍታችሁ በር ላይ "ለጊዜው አይሠራም" የሚል ወረቀት አለ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ከታች እስከ እርስዎ በር 88 ደረጃ ነው። ጋሼ አንድ እግሩን ያስቀድማል፣ ሌላውን ይጎትታል፣ ሁለቱም አንድ ደረጃ ላይ ሲሆኑ ይተነፍሳል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። አንዷ ጽዳት ሠራተኛ ውሃ አመጣችለት። እናት ናት፤ እሷንም ኤጀንሲ ነው የቀጠራት፣ ሰደርያዋ ላይ ተጽፏል። 40 ደቂቃ ፈጅቶብን ደረስን። ጸሐፊዎ ቀና ብላ "ዛሬ እኮ ባለጉዳይ አይስተናገድም፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው" አለችን። ሐሙስ ነበር። ጠዋት ነበር።

ጋሼ "እሺ ልጄ" አላት። መውረድ ከመውጣት ይብስበታል።

ብዙ አልጠይቅም። የሦስቱን ማመልከቻዎች የገቢ ቁጥር ስጡን፣ ባስገባንበት ቀን። ሦስቱን የስንብት ዙሮች በአንድ ወረቀት ላይ ደምሩና ቅነሳ ነው ወይስ አይደለም በጽሑፍ በሉን። የጋሼን የምዘና ቅጽ ከድርጅቱ አስመጡ። አስቸጋሪ ከሆነ እኔ ኮፒ አለኝ፤ እንዴት እንዳገኘሁት አይጠይቁኝ።

በሚመጣው ሐሙስ ከሰዓት እንመጣለን። አሥረኛው ሰረዝ ነው፤ ሁለት ጊዜ አምስት ይሞላል። ቢሮዎ በስምንት ሰዓት ቢከፈትም ጋሼ ለደረጃው ጊዜ ስለሚያስፈልገው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ታች ነን። እርስዎ ከምሳ ሲመለሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ቆጣሪው